የከሰረ መድረክ እንዴት ይድናል? ስለ ተማሪዎች የቀውስ ሲሙሌሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ያንኑ ይጠይቃል። አንድ ቦታ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ቅደም ተከተሉ የአስፈላጊነት አይደለም፤ እንደመጣልኝ ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

አንድ ቅዳሜ የሚፈጅ ልምምድ ነው። ስድስት ስድስት ሆናችሁ ጠረጴዛ ትይዛላችሁ። ጠዋት 2:30 ላይ የአንድ ድርጅት ፋይል ይታደላል። ድርጅቱ ለንደን ውስጥ የድራግ ትርኢት የሚያቀርብ የመዝናኛ ኩባንያ ነው። አዳራሽ ተከራይቷል። 26 ቋሚ ሠራተኞች አሉት። ዕዳ አለበት። እየሰመጠ ነው። እናንተ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የተሾማችሁ አመራሮች ናችሁ። 11 ሰዓት ሲሆን ወይ አድናችሁታል፣ ወይ በሥርዓት ዘግታችሁታል፣ ወይ እጃችሁ ላይ ሞቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ሦስተኛው ነው። አይክፋችሁ።

ድርጅቱ በእውን የለም፤ ለልምምዱ የፈጠርነው ነው። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮችም እንደዚያው። ሕጉ ግን የምር የእንግሊዝ ሕግ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን የጽሑፍ ኬዝ፣ ማለትም ተማሪ የሚወያይበትን የአንድ ድርጅት ችግር፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ ስለ አንድ የጫማ ኩባንያ ነበር። በ1957 ደግሞ የአሜሪካ ማኔጅመንት ማኅበር ኩባንያ መምራትን የሚያለማምድ ጨዋታ በኮምፒውተር ሠራ። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የፕሩሲያ መኮንኖች ጦርነትን በካርታ ላይ ይለማመዱ ነበር። እኛ ካርታውን በባንክ ስቴትመንት ቀየርነው።

ድራግ ማለት ምንድን ነው?

የመድረክ ትርኢት ነው። ብዙውን ጊዜ ወንድ ተዋናይ እንደ ሴት ይለብሳል። ትልቅ ዊግ፣ ከሩቅ የሚታይ ሜካፕ፣ ረጅም ተረከዝ። ይዘፍናል፤ ወይም ሌላ ሰው የዘፈነውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያስመስላል። ይቀልዳል፣ ተመልካቹን ይነካካል። እንደ ወንድ ለብሰው የሚጫወቱ ሴቶችም አሉ። በምዕራቡ ዓለም ትርኢቱ በአብዛኛው ያደገው በግብረ ሰዶማውያን መጠጥ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ አንድ የቴሌቪዥን ውድድር ደግሞ ከትንንሽ ቤቶች አውጥቶ ትልልቅ አዳራሽ አስገባው።

ወንድ ሴት ሆኖ መጫወቱ ብቻውን ግን ድሮም የነበረ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1660 ድረስ የቴአትር ቤቶች የሴት ሚና በወንድ ልጆች ይሸፈን ነበር። ጃፓን ሴቶችን ካቡኪ ከሚባለው ባህላዊ ቴአትሯ መድረክ ያገደችው በ1629 ነው። የኛም ዘመናዊ ቴአትር ሲጀምር ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህ ከድራግ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ያኔ ወንዱ ቀሚስ የሚያጠልቀው መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስለጠፋች ነው። ድራግ ውስጥ ግን ቀልዱም ጥበቡም ያለው መለወጡ ላይ ነው።

ሌላ ጠፍቶ ነው ይሄን የመረጣችሁት?

ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። አንዳንዱ በትህትና፣ አንዳንዱ ዓይኑን አፍጥጦ።

የጫማ ፋብሪካ ኬዝ ስትሰጣቸው ተማሪዎች ወዲያው ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ስለ ጫማ ማንም አስተያየት የለውም። ይሄን ፋይል ስትሰጣቸው ግን የመጀመሪያዋ ሰዓት በክርክር ታልቃለች። «ይሄ ባህላችን አይደለም» ይላል አንዱ። «አንተ ማን ነህ፣ ለንደን እኮ ነው» ትላለች ሌላዋ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው «ዓርብ ደመወዝ ይከፈላል» ነው። ስለ ትርኢቱ ምንም አስብ፣ ዓርብ ይመጣል። ትርኢቱን የወደደው ቡድንም የጠላው ቡድንም ያችው ዓርብ ላይ ይደርሳል።

የቀውስ አመራር ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ሰው ስለ ድርጅቱ ባለው ስሜት ይወስናል። የወደደው የማይድነውን ለማዳን ይሯሯጣል። የጠላው የሚድነውን ይገድላል። ስሜታችሁን ለጊዜው አስቀምጣችሁ «ስንት ቀን ቀረን? መጀመሪያ ለማን እንደውል?» ማለት ከቻላችሁ የትኛውም ፋይል አያቅታችሁም። ለዚህ ደግሞ ስሜት የማይነካ ፋይል አይጠቅምም።

ሁለተኛ ምክንያት አለኝ። የዚህ ድርጅት ሀብት በሁለት እግሩ የሚሄድ ነው። ፋብሪካ ቢከስር ማሽኑ ይሸጣል። እዚህ ግን ማሽን የለም። አዳራሹ የኪራይ ነው። አምፑልና ድምፅ ማጉያው በሊዝ ነው። ቀሚሱና ዊጉ ደግሞ በአብዛኛው የተዋንያኑ የግል ንብረት ነው። ኮከቧ ተቀይማ ከወጣች ትርኢቱን በሻንጣ ይዛው ነው የምትሄደው። አዝማሪ ቤት የሚያውቅ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ማሲንቆው የማን ነው?

ሕሊናዬ ወይም ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብልስ? ሕግስ?

በዕለቱ መድረክ ላይ የሚወጣ ማንም የለም፤ ቪዲዮም አናሳይም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግብረ ሰዶምን እንደሚከለክል ሁላችንም እናውቃለን። ልምምዱ ስለዚያ አይደለም፤ የምናገላብጠው የሂሳብ መዝገብና ውል ነው። ያም ሆኖ አልፈልግም ማለት መብት ነው። አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ቡድኖቹ የሚደውሉበት የስልክ ክፍል አለን፤ እዚያ አበዳሪ ወይም አከራይ ሆናችሁ ትሠራላችሁ። እንዲያውም ያ ሚና ይበልጥ ይጣፍጣል።

የማንደራደርበት አንድ ነገር አለ። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ላይ መሳደብና መሳለቅ አይቻልም። ሥራቸው ሊጠፋ ነው። ማንንም ለማስወደድ አይደለም፤ ሥራውን በአግባቡ ለመሥራት ነው። የምትንቀውን ሰው መደራደር አትችልም።

ሂሳብ ብዙም አልችልም። ይከብደኛል?

መደመርና ማካፈል ከቻላችሁ ይበቃል። የሚከብደው ሌላ ነው።

ከፋይሉ ላስረዳ፤ ይሄን ለሁሉም ስለምነግር ምስጢር አላወጣሁም። ባንክ ውስጥ 180,000 ፓውንድ አለ። ድርጅቱ በሳምንት 45,000 ያወጣል። ተማሪዎች አካፍለው «አራት ሳምንት አለን» ይሉና ይረጋጋሉ። ማኪያቶ የሚያዝም አለ። ቀስ በሉ። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ 120,000ው ገና ላልቀረበ ትርኢት የተሸጠ የትኬት ብር ነው። ትርኢቱ ከቀረ ይመለሳል። ስለዚህ በእርግጥ የናንተ የሆነው 60,000 ነው። ዘጠኝ ቀን ማለት ነው። 28 ቀን የመሰላችሁ ዘጠኝ ቀን ነው!

ይሄን ሳስረዳ ሁሌ የማነሳው ዕቁብን ነው። ዕጣ መጀመሪያ የወጣለትን ሰው አስቡት። ኪሱ ሙሉ ነው። ሰፈሩ ሀብታም ሆነ ይለዋል። እሱ ራሱም ያምናል። ግን ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚጥለው ሁሉ ዕዳ ነው። ትኬት አስቀድሞ የሸጠ ድርጅት መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ነው። ገንዘቡን ለድሮ ዕዳ ከበተነው ቀጣዩን ትርኢት በምን ያሳያል? አዲስ ትኬት ሸጦ። እሱንስ? በሌላ አዲስ ትኬት። ይሄ መንገድ የት እንደሚያደርስ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ዘንድ ሂሳብ ያዥ ነበርኩ። የሚቀጥለውን ኮንሰርት ትኬት ሸጠን ያለፈውን የድምፅ ኪራይ እንከፍል ነበር። አንድ ቅዳሜ ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። በር ላይ ትኬቱን ይዞ «ብሬን!» የሚለውን ሕዝብ የማነጋግረው እኔ ነበርኩ። ካዝናው ውስጥ ምንም አልነበረም። ይህን ልምምድ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በነገራችን ላይ ከትኬቱ ዋጋ ላይም የመንግሥት ድርሻ አለ። እንግሊዝ ውስጥ መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ነው፤ እኛ ጋ 15። ታክሱን የራሱ ገንዘብ አድርጎ የሚቆጥር ቡድን በየዙሩ አይጠፋም።

ለምን ለንደን? የኛ ሕግ አይሻልም?

ፋይሉ አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ይል ነበር። ክፍለ ከተማ ዘመድ አለኝ፣ ባንክ ጓደኛ አለኝ፣ አለቀ። ለንደን ውስጥ ዘመድ የላችሁም። ወረቀቱን ማንበብ ግድ ይሆናል።

ደግሞ ከተማው ራሱ ያስተምራል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች የግብረ ሰዶማውያን መጠጥና ጭፈራ ቤቶችን ቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ውስጥ 125 ነበሩ፤ በ2017 የቀሩት 53 ናቸው። ካዘጓቸው ምክንያቶች አንዱ ደንበኛ መጥፋት ሳይሆን የሰፈር መልሶ ልማት ነው። ሕንፃው ይሸጣል፣ ኪራይ ይንራል፣ ቤቱ ይፈርሳል። ይሄን ሳነብ ያሰብኩት ካዛንቺስን ነው። የአዝማሪ ቤቶቹ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. እንዴት እንደፈረሰ ያየ ተማሪ «አከራዩ ውሉን አላድስም አለ» የሚለውን ወረቀት ሲያነብ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሕጉን በተመለከተ ሁለቱን ማነጻጸር ጥሩ ልምምድ ነው። በኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በ1156/2011፣ የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ አሥር በመቶ ሠራተኛን የሚነካ ሲሆን ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ አምስት ሰው ይበቃል። ተቀናሹ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሠራው በየዓመቱ የዚያ ሲሶ ይጨመርለታል፤ በቅነሳ ስለወጣ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ግን መቁጠሪያው ሌላ ነው። በ90 ቀን ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ለመቀነስ ያሰበ አሠሪ፣ የመጀመሪያው ሰው ከመውጣቱ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር መመካከር መጀመር አለበት። አሁን ሂሳቡን አገናኙት። ያላችሁ ገንዘብ ዘጠኝ ቀን ነው። ሕጉ የሚጠይቀው 30 ቀን ነው። «ሁሉንም እናባርር» የሚለው ቡድን ፊቱ የሚጠቁረው እዚህ ጋ ነው።

ተዋንያኑን መቀነስስ?

ተዋንያኑ ቋሚ ሠራተኛ አይደሉም። በየምሽቱ የሚከፈላቸው ፍሪላንሰሮች ናቸው፤ በዚህ ሙያ የተለመደው እንደዚያ ነው። ከ26ቱ ውስጥም አይቆጠሩም። ስለዚህ ብዙ ቡድን መጀመሪያ የሚቆርጠው እነሱን ነው። ቀላል ይመስላላ! ካሳ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ይወርዳል፦ «ሦስቱ ዋና ተዋንያን ከሌላ ቤት ጋር ተነጋግረዋል።» ተመልካቹ ትኬት የገዛው ለነሱ እንጂ ለሂሳብ ክፍሉ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ገና ጠዋት ስልኩን አንስታ ሦስቱንም አናገረቻቸው። «ያልከፈልናችሁን ሁለት ሳምንት በሙሉ ዛሬ መክፈል አልችልም፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከበሩ ገቢ ቀድማችሁ ትወስዳላችሁ» አለች። ከሦስቱ ትታቸው የሄደችው አንዲት ብቻ ናት። ያ ቡድን ድርጅቱን አዳነ። ማኔጅመንት የምታጠና መስሎኝ ስጠይቃት ነርስነት ነው የምማረው አለችኝ። «መጀመሪያ የሚደማውን መያዝ ነዋ» ብላ ሳቀች።

ድንገቴ ምንድን ነው?

እኛ ያወጣነው ስም ነው። በየሰዓቱ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚወርደው ቁራጭ ወረቀት ነው። አከራዩ ይደውላል። የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፈው ድርጅት «ስለናንተ የሰማሁት አላማረኝም» ብሎ የትኬቱን ብር ይይዛል። ይሄ የምር የሚሆን ነገር ነው፤ ትርኢት ቢቀር ለገዢው የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ይፈራል። አንድ ጋዜጠኛ ይደውላል። ባንክ የኦቨርድራፍት ገደቡን፣ ማለትም ከሂሳባችሁ በላይ እንድታወጡ የፈቀደውን፣ ይቀንሳል። ምሳ ሰዓት ላይ ሆን ብለን የከፋውን እንልካለን። እንጀራው በእጅ ላይ እያለ ማለት ነው።

ከወረቀቱ ጀርባ ሰው አለ። ጎን ባለው የስልክ ክፍል ውስጥ በጎ ፈቃደኞች አበዳሪ፣ አከራይና ተዋናይ ሆነው ይቀመጣሉ። አከራዩን የሚጫወቱት ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ ለንደን መሆናቸውን ረስተው «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡን» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ጊዜ እሰጣለሁ የኔ ልጅ፤ ወረቀቱ የታለ?» ይላሉ። የአሥራ ሦስት ሳምንት የገንዘብ ዕቅድ ይዞ የደወለ ቡድን ሁሌም የሆነ ነገር ያገኛል። ባዶ እጁን የለመነ ግን ጥሩ ምክር ብቻ ይዞ ይመለሳል።

መግለጫ መቼ እናውጣ?

ኧረ ተዉ! ስለ መግለጫ ያለን ፍቅር ልዩ ነው። ፋይሉ በተታደለ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ቡድን መግለጫ እየጻፈ ነው። «ድርጅታችን የተከሰተውን ጊዜያዊ ችግር...» እያለ። ማን ጠየቃችሁ? ከመግለጫው በፊት የሰማው ሰው ከሌለ፣ መግለጫው ራሱ ነው ዜናውን የሚፈጥረው። የትኬት ገዢው ይደነግጣል፣ የካርድ ድርጅቱ ብሩን ይይዛል፣ ዘጠኙ ቀን ሦስት ይሆናል።

መጀመሪያ ተዋንያኑና ሠራተኞቹ፣ ከዚያ ባንኩና አከራዩ፣ ሕዝቡ በመጨረሻ። ሰው የራሱን እንጀራ ጉዳይ ከፌስቡክ መስማት የለበትም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ሕዝቡ ቀድሞ ይነገረዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎ አካባቢ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የተጨመረበት ታይለኖል፣ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ሰባት ሰው ሲገድል፣ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሕዝቡን አስጠንቅቆ 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጥ ሰበሰበ። የኛ ፋይል ውስጥ የሚሞት ሰው የለም፤ የሚናደድ ብቻ ነው።

ድርጅቱን ከዘጋን ተሸነፍን ማለት ነው?

አይደለም። አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

የእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ፣ የ1986ቱ፣ አንቀጽ 214 ላይ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለው። ድርጅቱ ከመክሰር እንደማያመልጥ እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዝም ብሎ የቀጠለ ዳይሬክተር ከኪሱ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዘው ይችላል። ስለዚህ «እስከ መጨረሻው እንፋለማለን» ፉከራ እንጂ ዕቅድ አይደለም። መሀል መንገድም አለ። ድርጅቱ ገለልተኛ አስተዳዳሪ እጅ ሲገባ አበዳሪዎች ለጊዜው እንዳይነኩት ይታገዳሉ፤ አስተዳዳሪው በስምንት ሳምንት ውስጥ ሐሳቡን ያቀርባል። የኛም አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ሳይከስሩ በፊት ከአበዳሪ ጋር ዕዳን መልሶ የማዋቀር በር ከፍቷል። በ1952ቱ ሕግ ያደጉ ነጋዴዎች ግን «ኪሳራ» የሚለውን ቃል እስከዛሬ እንደ እርግማን ነው የሚሰሙት።

ትልልቆቹም አልፈውበታል። የካናዳው የሰርከስ ኩባንያ ሰርክ ዱ ሶሌይ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ 44 ትርኢቶቹን በአንድ ጊዜ አቆመ፤ 95 በመቶ ሠራተኛውን አሰናበተ። በሰኔ ፍርድ ቤት ሄዶ ከአበዳሪ ጥበቃ ጠየቀ። ንብረቱ አበዳሪዎቹ እጅ ገባ። ከዓመት በኋላ ላስ ቬጋስ ውስጥ መጋረጃው እንደገና ተከፈተ። ባለቤቶቹ ተቀየሩ፣ ትርኢቱ ግን ቀጠለ። ታዲያ ዳነ ወይስ ሞተ? ከሰዓት በኋላ የምንከራከርበት ይሄን ነው።

ነጥብ የሚሰጠው በምንድን ነው?

በስሜት አይደለም፣ በአቀራረብም አይደለም። ሱፍ ለብሶ የመጣ ትርፍ ነጥብ አያገኝም። የምናየው እውነተኛው ገንዘባችሁ ስንት ቀን እንደሚያቆያችሁ ስንት ሰዓት ላይ አወቃችሁ፣ መጀመሪያ ለማን ደወላችሁ፣ ቃል የገባችሁትን ከየት እንደምትከፍሉ ታውቃላችሁ ወይ፣ የሚለውን ነው። ያንኑ ገንዘብ ለሁለት ሰው ቃል የገባ ቡድን ብዙ ነጥብ ያጣል። ይሄ ከምትገምቱት በላይ ይከሰታል።

ቻትጂፒቲ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል። ጋሼ ሲደውሉ ግን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ።

የኪነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። ይመለከተኛል?

ከማንም በላይ። ቴአትር፣ ሙዚቃና ሥዕል የሚማሩ ልጆች «ገንዘቡን ሌላ ሰው ያየዋል» ብለው ነው የሚያድጉት። ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ታሪኩን ከላይ አንብባችሁታል።

የዚህ ከተማ መድረክ በአንድ ቀን ሲጨልም ብዙ ጊዜ ታይቷል። በንጉሡ መጨረሻ ዘመን በየሆቴሉ ኦርኬስትራ የነበረባት አዲስ አበባ ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ምሽቷን አጣች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ሲኒማውም ጭፈራ ቤቱም ዘጋ። እንግሊዝ ያኔ ለባህል ዘርፏ 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ መድባ ነበር። እኛ ጋ አብዛኛው ሙዚቀኛ የኖረው በዘመድና በዕቁብ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ሚክሰርና ድምፅ ማጉያ ዋጋው የት እንደደረሰ ባንድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ወረራም አብዮትም አይቶ እስከዛሬ ቆሟል። ሀገር ፍቅርን ግን ደግፎ ያቆየው የሕዝብ በጀት ነው። የግል መድረክ የምትከፍቱ ልጆች ያ ትራስ የላችሁም።

ቋንቋው ምንድን ነው? ሰርተፍኬትስ አለ?

ፋይሉ በአማርኛ ነው፤ ሁለት ውሎች ብቻ በእንግሊዝኛ ቀርተዋል፤ ከተርጓሚ ጋር አብረን እናነባቸዋለን። ሰርተፍኬት አለ። ድርጅቱ እጃችሁ ላይ ቢሞትም ይሰጣችኋል።

ብቻዬን መመዝገብ እችላለሁ?

እንዲያውም እሱ ይሻላል። ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ሲይዙ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይስማማል። እኛ ከተለያየ ግቢ እንቀላቅላችኋለን።

የት ነው? ምን ይዤ ልምጣ?

ከፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይን አልፋችሁ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ ነው። ትክክለኛው ቦታ ለተመዘገበ ሰው ይላካል። መንገዱ በኮሪደር ልማት ስለተቀየረ የድሮውን የታክሲ መውረጃ አትመኑ፤ አንድ ቡድን ግማሹ ስድስት ኪሎ ወርዶ ያለ ፋይናንስ ኃላፊ ጀምሯል። ካልኩሌተር ያዙ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፋይሉ በወረቀት ነው፣ ስለዚህ እርሳስና ላጲስም አትርሱ። ሹራብ ደግሞ የግድ ነው። አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ይበርዳል፣ ማሞቂያ የለንም፤ ለመግዛት ያስቀመጥነውን ብር ለወረቀት ማባዣ አውጥተነዋል።